የሰላሕ ቅልጥም

ስድስት ዓመት ሙሉ ዓሲያ ሚስትም መበለትም አልነበረችም። ባሏ ሰላሕ አሞሌ ጨው ሊጭን አህዮቹን ነድቶ በአበርገሌ በኩል ወደ ቆላ እንደ ወረደ ቀረ። አንዱ «ወታደር ያዘው» ይላል፤ አንዱ «ሽፍታ ገደለው»፤ ሌላው «ተከዜ ወሰደው»። እሷ ከማንም ጋር አልተከራከረችም። ሰቆጣ ገበያ ጥግ ያለችውን ሱቋን በየማለዳው ከፍታ አቡጀዲና ሻሽ ትሸጣለች፤ ጨርቅ ስትቀድ ድምፁ ከመንገድ ማዶ ይሰማል። ሰው እንዲህም ይኖራል! ከለቅሶና ከተስፋ መካከል ምንጣፉን አንጥፎ፣ ምሳውን በልቶ፣ ደንበኛውን ስቆ ሸኝቶ!

የሰላሕ ታናሽ ወንድም ሙሄዲን ግን እንዲህ መኖር ሰልችቶት ነበር። ወንድም የሟች ወንድሙን ሚስትና ሱቅ ይወርሳል የሚል የቆየ ልማድ አለ፤ ሟቹ ግን አስቀድሞ መሞት አለበት። ሽማግሌው ሼህ ዓሊዬም «ሬሳ አምጣና እንነጋገር» ብለውታል። ስለዚህ ሙሄዲን በየቀኑ ሱቁ በር ላይ ተቀምጦ ጫቱን እየቃመ ጨርቆቹን በእጁ ይዳብሳል። ቀጥሎ ዓሲያን ያያል፤ በዚያው ዓይን። እሷም እሱ የነካውን ጨርቅ አራግፋ መልሳ ታጥፈዋለች።

በሺህ ዘጠኝ መቶ ሰማንያ ዓመተ ምሕረት በጋ ላይ ምንዋጋው የሚባል የሰቆጣ ዙሪያ ገበሬ አንድ ዘንግ ይዞ ሱቁ በር ቆመ። አማርኛው የኽምጣኛ ዜማ አለው።

«እታለም፣ የጠፋ ሰው አለሽ አሉ።»

«አለኝ።»

ምንዋጋው የመጣበትን ነገር ተናገረ። ገበሬ ማኅበሩ ለእርዳታ ስንዴ ተራራው ላይ እርከን ሲያስቆፍር የእሱ ዶማ የሰው አጥንት አወጣ። ሊቀመንበሩ «ሥራ አይፈታ፤ ገደል ጣሉት» አለ። ምንዋጋው ግን በስንዴው ጆንያ ሰብስቦ፣ ጅብ እንዳይደርስበት ወይራ ላይ ሰቀለው። ቄሱ «ማተብ አላገኘንበትም» አሉ፤ እስላሞቹ «የእኛ መሆኑን ማን መሰከረ?» አሉ። ሰውየው ዛፍ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ፤ ጆንያው ላይ «ለሽያጭ አይውልም» ተብሎ እንደ ተጻፈ። ምንዋጋው የራሱ ወንድም ተስፋውም የጠፋበት ሰው ነው። የተገኘውን የጭን አጥንት በዘንግ ለክቶ መጀመሪያ ከራሱ ጭን ጋር አስተያየው፤ አልገጠመም። ከዚያ ወዲህ ሰው የጠፋበትን ቤት ሁሉ እየዞረ ወንድም ከተገኘ ወንድሙን ይለካል።

«ሰው በእንጨት የሚለካው የበር መቃን ነው እንዴ?» ሲል ሙሄዲን ሳቀ።

«አንተ የማን ወንድም ነህ?»

«የሰላሕ።»

«ቁመታችሁስ?»

«አንድ ናቸው» አለች ዓሲያ።

«እንግዲያ ቁምልኝ እስቲ።»

ምንዋጋው ዘንጉን ከሙሄዲን ዳሌ እስከ ጉልበቱ ዘረጋው። ልክ ሆነ። ያን ጊዜ የሙሄዲን ፊት በራ። ወንድምህ ሞተ ሲባል ፊቱ እንደ ሙሽራ የሚበራ ሰው! ዓሲያ ዓይኗን መለሰች።

«ቁመት ብቻ አይበቃም» አለች። «ሰላሕን በቅሎ ረግጣው ግራ ቅልጥሙ ተሰብሮ ነበር፤ ወጌሻ በቀርከሃ አስሮ አዳነው። ቅልጥሙን ማየት አለብኝ።»

ይህን ሙሄዲን ባለበት ተናገረች። ሐዘን የሚጋሩ መስሏት ነበር።

ያን ሰሞን ጨርቅ እየቀደደች ታሰላስል ነበር። እሱ ሆኖ ቢገኝ «አይደለም» ብትል ከሙሄዲን ታመልጣለች። ሰላሕ ግን በስንዴ ጆንያ ዛፍ ላይ ይቀራል። «እሱ ከሆነ አለቅስለታለሁ» ብላ ቆረጠች፤ «ከዚያ ወዲያ የሚመጣውን እችለዋለሁ።»

ሙሄዲን ሽማግሌዎቹን ሰብስቦ ተራራው ላይ ጠራት። ስትደርስ ፍየል ታርዶ ተጠብሷል። ሼህ ዓሊዬና ሌሎቹ ወይራው ሥር ተቀምጠው ጎድን ይግጣሉ። ከእነሱ አንድ ክንድ እልፍ ብሎ፣ ቁርበት ላይ፣ ሰውየው ተዘርግቷል። የራስ ቅሉ አፉን ከፍቶ የሚጎርሱትን የሚቆጥር ይመስላል። ዝንቦቹ አልለዩም፤ ከፍየሉ ወደ ሰውየው፣ ከሰውየው ወደ ፍየሉ፣ ከዚያ ወደ ሽማግሌዎቹ ጢም ይበርራሉ። ማንም እሽ አላላቸውም።

«ይኸው!» አለ ሙሄዲን፣ ለሁለት የተሰበረ ቅልጥም በሁለት እጁ ወደ ላይ አንሥቶ። «ግራ ቅልጥም! ስብራቱን እዩት! ወይኔ ወንድሜ!» ከንፈሩ በጮማ ያብረቀርቃል፤ ዓይኑ ደረቅ ነው።

ዓሲያ ተቀበለችው። አጥንቱ ላይ የሙሄዲን ጣቶች ቅባት አለ፤ በነጠላዋ ጠረገችው። ከዚያ አውራ ጣቷን ከላይ እስከ ታች ሰደደች። ክረምት በመጣ ቁጥር ሰላሕን ቅልጥሙን ቅቤ ታሸው ነበር፤ ስብራቱ የገጠመበት ቦታ ላይ እንደ ባቄላ ፍሬ ያበጠ ጉጥ ነበረው። አሁን ጣቷ ያን ጉጥ ፈለገ። አጥንቱ ግን ለስላሳና ቀጥ ያለ ነው። የቀኙንም አንሥታ ዳሰሰችው፤ እሱም ጉጥ የለውም። ወደ ስብራቱ ተመለሰች። የአጥንቱ ውጪ የአፈሩን ቀለም ጠጥቶ ቡናማ ሆኗል፤ የተሰበረው አፍ ግን ነጭ ነው፣ አሁን እንደ ተገመሰ ሸንኮራ።

«ሙሄዲን፣ ይህ መቼ ተሰበረ?»

«በቅሎዋ የረገጠችው ቀን ነዋ! አንቺው አይደለሽም ያልሽው?»

«የበቅሎዋ ስብራት ድኗል። ይህ ገና መዳን አልጀመረም።»

«ልጄ፣» አሉ ሼህ ዓሊዬ አፋቸውን እየጠረጉ፣ «አፈር ውስጥ የኖረ ነገር ምን ምን አይሆንም?»

ምንዋጋው ራቅ ብሎ ቆሎ ይቆረጥም ነበር። እስላም ያረደውን እንደማይበላ ሙሄዲን አላሰበበትም፤ ለሁሉ ድግስ አዘጋጅቶ አጥንቱን ያገኘውን ሰው ረስቶታል።

«እኔ ስቆፍረው ሙሉ ነበር» አለ ምንዋጋው። «ትናንት ሙሄዲን «እስቲ ልየው» ብሎኝ ጆንያውን ሳወርድለትም ሙሉ ነበር።»

«አንተ ዝም ብለህ ቆሎህን ቆርጥም!»

«እቆረጥማለሁ። ዝም ማለት ፍየልህን የበላ ሰው ዕዳ ነው።»

አንዱ ሽማግሌ አሳለው። ሌላው የያዘውን ጎድን ወደ ሳህኑ መለሰ፤ አፍታ ቆይቶ መልሶ አነሣው።

«እንግዲህ ይሁን» አሉ ሼህ ዓሊዬ። «ማንም ይሁን ማን፣ ስድስት ዓመት ይበቃል። ሰላሕ ነው ብለሽ ተቀበይው። እሱም ይቀበር፣ አንቺም ዕረፊ።»

ዓሲያ የቅልጥሙን ስባሪዎች ቁርበቱ ላይ መለሰች።

«ሼህ ዓሊዬ፣ ቅድም ፍየሉን ሳይቀምሱ ማን እንዳረደው ጠይቀዋል አይደል?»

«ጠይቄያለሁ፤ ሐራም እንዳይሆን ነዋ።»

«ለፍየሉ ማን አረደው ይላሉ፤ ሰውየውን ግን ማንም ይሁን ማን ይላሉ?»

እሳቸው ጢማቸውን አሻሹ። ሙሄዲን ግን ጮኸ፤ «እኔስ ሰው አይደለሁም? ለሞተ ሰው ብዬ ስንት ዓመት ልጠብቅ?»

«ለሞተ ሰው አልጠበቅክም፤ እስኪሞት ነው የጠበቅከው። ሱቄ በር ላይ ሁለተኛ እንዳላይህ።»

ሽማግሌዎቹ አንድ በአንድ ተነሡ። የተረፈውን ሥጋ በጨርቅ ቋጥረው ወረዱ፤ ሙሄዲን ከኋላቸው «እሷ አብዳለች» እያለ ተከተለ። ስለ ሰውየው መቀበር ያነሣ አልነበረም።

ምንዋጋው ከእርከኑ በላይ መቆፈር ጀመረ። ዓሲያ አጥንቶቹን ከዝንብ እያጠራች በቁርበቱ ሰበሰበች፤ የቅልጥሙን ሁለት ስባሪ አፍ ለአፍ አጋጥማ ከግራው ጉልበት ሥር አደረገችው።

«ራሱን ወዴት እናድርገው?» አለ ምንዋጋው። «እኛ ወደ ምዕራብ ነው የምናደርገው። የእናንተ ፊቱ ወደ ቂብላ ይዞራል። አሁን ይኸ የማን ነው?»

«እሱን ለሚያውቀው ተወው። አንተ ብቻ በደንብ ቆፍረው፤ የሙሄዲን እጅ እንዳይደርስበት።»

ምንዋጋው ሳቅ አመለጠውና ሳቁ ራሱን አስደነገጠው። እስከ ደረቱ ድረስ ቆፈረ።

ሲጨርሱ ዓሲያ ብቻዋን ቁልቁል ወረደች። ከተማው ዳር ላይ የሰፈር ሴቶች ነጠላቸውን ለለቅሶ አዘቅዝቀው ሽቅብ ሲመጡ አገኘቻቸው። ጎረቤቷ እናትነሽ ከፊት ናት።

«ወዴት ናችሁ?»

«ምን ወዴት ትያለሽ! ሰላሕ ተገኘ ተብሎ ከሙሄዲን ቤት ተልኮብን ነዋ! ኧረ ዓሲያ እህቴ፣ ኧረ እኔን!» እናትነሽ ልታቅፋት እጇን ዘረጋች።

«አልተገኘም። ነጠላሽን መልሺው።»

«ምን ማለት ነው? ሞቷል አልሞተም?»

«አላውቅም።»

«ታዲያ እስከ መቼ ነው እንዲህ?»

ዓሲያ ተጠጋቻት። እጇን ሰድዳ የእናትነሽን ነጠላ ከትከሻዋ ገፈፈች፤ ገልብጣ በደኅና ቀን አለባበስ አለበሰቻት። ከዚያ በሴቶቹ መካከል አልፋ ሱቋን ልትከፍት ወረደች።