ጋሼ ደምሴን ለማብላት

ልጅ ሳለሁ፣ የፍስክ እሑድ በመጣ ቁጥር እኛ ቤት ያለው ሰው ሁሉ ጆሮው በር በሩን ነበር። እትዬ ወርቅነሽ ከኮተቤ የምትመጣው ከቅዳሴ በኋላ ነው። እትዬ የአባቴ ታላቅ እኅት ናት፤ የጣውላ መሰንጠቂያ በነበረው አንድ ጣሊያን ቤት ብዙ ዓመት ወጥ ቤት ሆና ሠርታለች። ጣሊያኑ አገሩ ሲገባ ለእሷ የተረፋት አንድ ጥልቅ የብረት ትሪና ፓስታ አልፎርኖ የመሥራት ሙያ ነበር። እኛ ልጆቹ ሙሉ ስሙን መጥራት ስለሚያታክተን «ፎርኖ» እንለው ነበር።

ቤታችን የካ ሚካኤልን አልፎ፣ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ በሚጀምርበት ዳገት ሥር ያለ የጭቃ ቤት ነው። የዳቦ ምድጃ አልነበረንም፤ እትዬ ግን መላው አይጠፋትም። መጀመሪያ ሽንኩርቱን ታቁላላና የተከተፈውን ሥጋ ከቲማቲም ጋር ትጨምርበታለች። በርበሬ ጣል ታደርግበታለች፤ ከሾላ ገበያ በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ መጥቶ በኮሰረትና በኮረሪማ የተነጠረውን ቅቤ ደግሞ ሳትሰስት ታፈስበታለች። «ሲኞሩ ይኼን በርበሬ ቢያይ ከቤት ያባርረኝ ነበር» እያለች ትስቃለች። በሌላ ድስት ወተትና ዱቄት እያማሰለች ነጭ መረቅ ትሠራለች። ከዚያ አንድ ረድፍ መኮሮኒ፣ በላዩ ሥጋው፣ በላዩ ነጩ መረቅ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ ፎርማጆ ውድ ስለሆነ በእሱ ፈንታ አይብ፣ እንደገና መኮሮኒ። ትሪው እስኪሞላ እንዲሁ ትደራርበዋለች። ሲሞላ ከሰል ላይ ትጥደውና በቆርቆሮ ትከድነዋለች፤ ክዳኑ ላይም ፍም ትቆልልበታለች።

የኮተቤ ዘመዶቻችን እርጎ በቅል ይዘው ይመጣሉ። አባቴ ከእነሱ ጋር በኦሮምኛ፣ እናቴ ከጎረቤቶቿ ጋር በአማርኛ ይጫወታሉ፤ ቤቱ በሁለት ቋንቋ ይንጫጫል። ክዳኑ ሲነሳ ላዩ ቡናማ ሆኖ ይታያል፤ ጠርዝ ጠርዙ ላይ ቅቤው ይፍለቀለቃል። ያን ጊዜ ወሬ ሁሉ ይቆማል። አባቴ በሹካ መብላት ስለማይሆንለት በእንጀራ እየጠቀለለ ይጎርሰው ነበር። እኔና ታናሽ ወንድሜ ተፈራ ድርቅ ብሎ የተጋገረውን ዳር ዳሩን ለማግኘት እንጣላለን። ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ጠግቤ አላውቅም፤ ሆዴ ብቻ ሳይሆን ዓይኔም ጆሮዬም የሚጠግቡ ይመስለኝ ነበር።

ከሁሉ በላይ የሚበላው የእናቴ ታናሽ ወንድም ጋሼ ደምሴ ነበር። ያኔ ኮተቤ ለመምህርነት ይማራል። ረጅም፣ ትከሻው ሰፊ፣ ሲስቅ ድምፁ አጥር የሚያልፍ ሰው ነው። ሦስተኛ ሳህኑን ሲጨርስ ቀበቶውን ላላ ያደርግና «እትዬ፣ ዛሬስ ገደልሽኝ! ኮተቤ በእግሬ አልሄድም፣ ተንከባልዬ ነው» ይላታል። እሷ ልጅ አልወለደችም፤ እሱም እናቱን በልጅነቱ አጥቷል። በመካከላቸው የሥጋ ዝምድና የለም፤ ቢሆንም እሱ ሲበላ ዓይኗን ከፊቱ ላይ አትነቅልም ነበር።

ሳሉ የጀመረው በአንድ ክረምት ነው። መጀመሪያ ብርድ ነው ተባለ። ነጭ ሽንኩርት በማር በላ፣ የባሕር ዛፍ ቅጠል ታጠነ፣ ጸበል ጠጣ። መስቀል አልፎ ጥቅምት ሲገባም ሳሉ አልለቀቀውም፤ ትምህርቱን አቋርጦ እኛ ቤት ተኛ። የሕመሙን ስም ትልልቆቹ በሹክሹክታ ነበር የሚያወሩት። እናቴ ሳህኑንና ኩባያውን ለየችና ለብቻ እየቀቀለች ታጥባቸው ጀመር። እኔ «ለምን?» ስላት «ዝም በይ» አለችኝ።

ሰው መቅረት የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። የኮተቤ ዘመዶች አንድ እሑድ ከብት ጠፋብን አሉ፣ ቀጥሎ ለቅሶ አለብን አሉ፣ ከዚያ ምክንያት መስጠቱንም ተዉት። ጎረቤቶቻችን ከደጅ ሆነው «እንዴት አደረ?» ብለው ያልፋሉ። እትዬ ግን ፎርኖዋን መሥራቷን አልተወችም። ትሪው እንደ ድሮው ጢም ብሎ ይሞላል፤ ከበን የምንቀመጠው ስድስት ሰዎች ብቻ ነን። እኔና ተፈራ የፈለግነውን ያህል ዳር ዳሩን እናገኝ ነበር። ማንም አይሻማንም።

ኋላ ሐኪም ቤት ተወሰደ፤ ሐኪሙ መርፌ አዘዘለት፤ ዳገቱ ላይ ባለው ሆስፒታልም አልጋ እስኪገኝ ድረስ በደንብ ይብላ አለ። እትዬ ከዚህ ሁሉ የያዘችው የመጨረሻዋን ቃል ነበር። «እህል ያለፈለት በሽተኛ ይድናል» ትል ነበር፤ ለእናቴም፣ ለአባቴም፣ መንገድ ላይ ላገኘችው ሰው ሁሉ። ያላትን አንድ ጥንድ የወርቅ ጉትቻ ከጆሮዋ ላይ ያጣነው በዚያ ሰሞን ነው። ቅቤውና ሥጋው ከየት እንደሚመጣ ማንም አልጠየቃትም።

ሁዳዴ ገባ። ያን ዓመት ጾሙን ሙሉውን እንድጾም ተፈቅዶልኝ ስለነበር ትልቅ ሰው የሆንኩ መስሎኝ ኮርቼ ነበር። የንስሐ አባታችን መጥተው ጋሼ ደምሴን ካዩት በኋላ መስቀላቸውን አሳለሙት። ከዚያ «እሱ ጾም የለበትም፤ የሚያምረውን ሁሉ ስጡት» አሉ። እናቴ ይህን ስትሰማ ጓዳ ገባች። ቄስ «የሚያምረውን ሁሉ ስጡት» ያሉት በሽተኛ ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው።

ከዚያ በኋላ ፎርኖው የሚጋገረው ለአንድ ሰው ሆነ። በጾም የቅቤ ሽታ ወደ ውጭ እንዳይወጣ እናቴ መስኮቱን ትዘጋለች። ጠረኑ ታፍኖ መጋረጃውን፣ አልጋ ልብሱን፣ ነጠላችንን ሁሉ ይይዘው ነበር። ጋሼ ደምሴ ትራስ ተደግፎ ይቀመጣል። እኛ ሽሯችንን በልተን ዙሪያውን ከበን እናየዋለን። ያ ሁሉ ሰው ይሻማበት የነበረ ማዕድ፣ አንድ ሰው ሲጎርስ አራትና አምስት ሰው አብሮ የሚውጥበት ሆነ። አንገቱ ቀጥኗል። ሹካውን አንስቶ መልሶ ያስቀምጣል።

«ትንሽ፣ አንዲት ጉርሻ ብቻ» ትለዋለች እትዬ።

«በላሁ እኮ እትዬ።»

«ይቺን ለእኔ ስትል።»

ለእሷ ሲል ይበላል።

አንድ እሑድ ሳህኑን ጥርግ አድርጎ ጨረሰ። እትዬ እልል ልትል ምንም አልቀራት፤ አፏን በነጠላዋ ይዛ ወደ እናቴ ዞረችና «ጨረሰው! አየሽ? ጨረሰው!» አለች። እሱ ፈገግ አለና ንፋስ ልቀበል ብሎ ግድግዳውን እየያዘ ወጣ። እናቴ ተከተይው ብላ ጠቀሰችኝ። ከጓሮ፣ ከቁልቋሉ አጥር ሥር ጎንበስ ብሎ አገኘሁት። የበላውን ሁሉ መልሶታል፤ ከምግቡ ጋር ደም ነበረበት። ቀና ሲል አየኝ። አፈር በእግሩ እየገፋ አለበሰውና ትንፋሹ እስኪመለስ ቆሞ ጠበቀ።

«ለእትዬ እንዳትነግሪያት» አለኝ። «ዛሬ በላ ብላ ደስ ብሏት ትደር።»

አልነገርኳትም። ስንገባ ትሪውን እያጠበች ታንጎራጉር ነበር።

አልጋው የተገኘው ጾሙ ሲጋመስ ነው። በትንሿ የፊያት ሰይቼንቶ ታክሲ የእንጦጦን ዳገት ይዘውት ወጡ። ልጆች አይገቡም ስለተባለ እኔ ቤት ቀረሁ፤ እሱም ከታክሲው መስኮት እጁን እያወዛወዘ ሄደ። ከዚያ በኋላ አላየሁትም። እትዬ ግን በየሁለት ቀኑ ፎርኖ ትጋግርና ትሪውን በነጠላ ቋጥራ፣ በጀርባዋ አዝላ፣ በእንጨት ለቃሚዎቹ መንገድ በእግሯ ትወጣ ነበር። እነሱ እንጨት ተሸክመው ሲወርዱ እሷ ምግብ ተሸክማ ትወጣለች። ማታ ባዶውን ትሪ ይዛ ትመለሳለች፤ እሱ ይብላው፣ ሌሎች በሽተኞች ይብሉት አናውቅም።

ከሆሣዕና በፊት ባለው ሳምንት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቶሎ ተመለሰች። ደጃፍ ተቀምጬ ነበር። ትሪው ነጠላው ውስጥ እንደታሰረ ነው፤ ክብደቱም ከአረማመዷ ያስታውቃል። እናቴ ከጓዳ ወጥታ አየቻት። እትዬ ትሪውን መደቡ ላይ አስቀመጠች፤ እናቴም እዚያው በቆመችበት ጮኸች።

ጎረቤቱ ሁሉ ያን ዕለት መጣ። ያ ሁሉ ጊዜ ከደጅ ያልፍ የነበረ ሰው ቤቱንም ግቢውንም ሞላው። የኮተቤ ዘመዶችም እየጮኹ ደረሱ። በዚያ ሁሉ ዋይታ መካከል ፎርኖውን ሊነካው የሚችል አልነበረም፤ ሁሉም ጾመኛ ነው። ጾም ያልያዘው ተፈራ ብቻ ነበር። ርቦታል፣ የሚያስታውሰውም አልነበረም። ከመደቡ ሥር ተቀምጦ በእጁ እየዛቀ ሲበላ አየሁት። ጉንጩ ቅቤ በቅቤ ሆኗል፤ ቀና ብሎ አየኝና ፈገግ አለ።

የአርባው ዕለት እትዬ ለካህናቱና ለዘመዱ ከሚቀርበው ሌላ ፎርኖም ልጋግር አለች። አባቴ «ይቅርብሽ» ቢላትም አልሰማችውም። ሽንኩርት እየከተፍኩ ሳግዛት፣ ጓሮ ያየሁትን ያን ነገር ነገርኳት። ማማሰሏን አላቆመችም።

«አውቃለሁ» አለች። «አፈሩን አይቼው ነበር። ሁልጊዜም እያየሁት ነው የከረምኩት።»

«ታዲያ ለምን ትሠሪለት ነበር?»

«ምን ላድርግ ልጄ? ሌላ የማውቀው ነገር የለኝም።»

ያን ዕለት እኔም በላሁ። ጣዕሙ እንደ ድሮው ነበር፤ ምንም አልጎደለበትም። እንዲህ መጣፈጡ ነው ያስለቀሰኝ። እትዬ ግን አልቀመሰችም። ከዚያ በኋላ ያን ምግብ ስትሠራ አላየናትም፤ ትሪውን ለማን እንደሰጠችው እንኳ አልነገረችንም። ዘመዶቹም ወደ እሑዶቻችን አልተመለሱም፤ ተፋፍረን ተራራቅን። እትዬ ጥቂት ዓመታት ቆይታ እሷም አረፈች።

ዛሬ ልጄ ሲኤምሲ ነው የሚኖረው። ቤቱ ውስጥ ትልቅ ምድጃ አለ፤ ሚስቱ ላዛኛ ስትሠራ ፎርማጆውን እንደ ጨው ትበትነዋለች። ሙያዋን አላማም፣ ጥሩ ነው። ከምድጃው ሲወጣ እያንዳንዱ ድርሻውን በሳህን ይዞ ወደየክፍሉ ይገባል፤ እኔና ቴሌቪዥኑ ሳሎን እንቀራለን። ዶክተሩ ስኳርና ደም ግፊት ብሎ ቅቤ ስለከለከለኝ ለእኔ የሚቀርብልኝ በጣም ትንሽ ነው። ያ የጋሼ ደምሴ የሳንባ በሽታም ዛሬ በጤና ጣቢያ ክኒን ይድናል ይላሉ። አንድ ቀን ለልጅ ልጄ ስለ ጋሼ ደምሴ ልነግራት ስጀምር «አያቴ፣ ታዲያ ለምን ቶሎ አላሳከማችሁትም?» አለችኝ። ስልኳ ጮኸ፣ ተነስታ ሄደች፤ ወሬውም እዚያው ቀረ።

እናትና አባቴ ሞተዋል፤ ተፈራም ካረፈ ቆየ። ጋሼ ደምሴ ፎቶ እንኳ የለውም፤ ለመታወቂያ የተነሳት አንዲት ነበረች፣ እናቴ ስታለቅስባት ደብዝዛ ጠፋች። የዚያን ሰው ሳቅ ሰምቶ የሚያውቅ፣ በዚህ ከተማ ከእኔ በቀር የቀረ ሰው የለም። እኔም ድምፁ እየጠፋብኝ ነው። ፊቱን ሳስብ ከንፈሩ ሲስቅ ይታየኛል፤ አይሰማኝም።