ከኮልፌ አምቦ፣ በተቆረጠ ሽቦ

ንጋት፣ ኮልፌ

ሊነጋጋ ሲል ተነሳን። ክረምት ነው፤ ሌሊቱን ሲወርድ ያደረው ዝናብ አሁንም ያካፋል። ፒክአፕዋ በጃንሆይ ጊዜ አገር የገባች አሮጊት ናት፤ አንዱ በሯ በገመድ ይታሰራል፣ ሞተሯ ግን አያሳፍርም። ቤንዚኑ የሳምንት ራሽኔ ነው፤ ትናንት ጦር ኃይሎች ተሰልፌ ቀዳሁት። አጠገቤ የተቀመጡት ጋሽ ወልዴ የሰፈራችን ዕድር ዳኛ ናቸው። የምንሄደው ተካን ልናመጣ ነው።

ተካ የልጅነት ጓደኛዬ ነው፤ የመኪና ኤሌትሪሻን። ሥራ አምቦ ወስዶት ሚስቱ አስካለ ኮልፌ ቀርታለች። ያላቸው አንድ ልጅ ግርማ ዘምቶ ነበር። በዚያ ሳምንት መሞቱ ለሽማግሌዎች ተነገረ፤ ለአባቱም ለእናቱም ግን አልተነገረም። መርዶ በስልክ አይነገርም፣ መንገድ ላይ አይነገርም። ማለዳ፣ በሰውየው ቤት፣ ዘመድና ጎረቤት ከቦት ነው የሚነገረው። ባልና ሚስቱ አብረው ይስሙ ተባለ። ተካን በዘዴ የማምጣቱ ነገር እኔ ላይ ወደቀ፤ መኪና ያለኝ እኔ ነኛ።

ዘዴውን ያወጡት ጋሽ ወልዴ ናቸው። የመኪናዋ ማሞቂያ ማራገቢያ ሞቷል፣ ሌላ ማራገቢያ አግኝተን ኮልፌ አስቀምጠናል፣ መጥተህ ግጠምልን እንበለው አሉ። ነገሩ ያስኬዳል፤ የዚችን መኪና ሽቦ በሙሉ የዘረጋው ተካ ነው። ሌላ ቀለም ገበያ ላይ ስለጠፋ ሁሉንም በጥቁር ሽቦ ሠርቶታል፤ የትኛው ወዴት እንደሚሄድ ከእሱ በቀር የሚያውቅ የለም። እኔም ውሸቱ እውነት እንዲመስል ዳሽቦርዱ ሥር ገብቼ ማራገቢያው ውስጥ የሚገባውን ሽቦ በቢላዋ ቆረጥኩት።

ረፋድ፣ ከመናገሻ እስከ ጊንጪ

ቡራዩን አልፈን ወደ መናገሻ ስንቃረብ ጉም ዋጠን። ትንፋሻችን የፊቱን መስታወት ጉም አለበሰው። ማራገቢያው ቢሠራ ሙቀቱ ይገፈው ነበር። ጋሽ ወልዴ በመሐረባቸው ይወለውላሉ፤ እኔ አንገቴን በመስኮት አውጥቼ ዝናቡን እየጠጣሁ እነዳለሁ።

"አንተ ሰው፣ የእውነት ቆረጥከው እንዴ?" አሉኝ።

"እርስዎ አይደሉ እንዴ ያሉት?"

"ተበላሸ እንበል አልኩ እንጂ ገደል እንግባ አልኩህ?"

ሳቅን። ሰው ሊያረዱ የሚሄዱ ሰዎች ይስቃሉ ወይ የሚል ካለ፣ አዎ፣ ይስቃሉ።

ሆለታ ላይ ሻይ ለመጠጣት ቆምን። ዳቦው ትኩስ ነው። ሻይ የምትሸጠው ሴትዮ ስኳር ጠፍቷል ብላ አንዳንድ ከረሜላ ሰጠችን፤ እሱን እየመጠጥን ሻዩን ጠጣን። ከአዲስ ዓለም በኋላ መሬቱ ሜዳ ነው፤ በሬዎቹ ጥቁሩ ጭቃ ውስጥ እስከ ጉልበታቸው ሰጥመው ያርሳሉ። ጊንጪ መግቢያ ላይ አስፋልቱን አቋርጦ ሸራ ተወጥሯል። እኔ ፊደል የለየሁት ጎልምሼ፣ በቀበሌው የማታ ትምህርት ስለሆነ፣ መንገድ ላይ የተጻፈ ነገር ጮክ ብዬ ሳላነብ አላልፍም። "ሁሉም ነገር ወደ ጦር ግንባር" ብዬ አነበብኩ። ጋሽ ወልዴ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

ቀትር፣ አምቦ

ተካን የሚሠራበት ጋራዥ አገኘነው። እጁ በግሪስ ስለተጨማለቀ በክንዱ አቀፈኝ። አስካለ ደኅና ናት ወይ አለ፣ ደኅና ናት አልን። ከግርማ ወሬ አለ ወይ ሲል ጋሽ ወልዴ ሳል ያዛቸው። እኔ ቶሎ ብዬ የማራገቢያውን ተረት ጀመርኩ።

"ሳታስመረምር ሌላ አገኘህ?" ብሎ ሳቀብኝ። "አንተ እኮ ቁልፉ ቢበጠስ ሸሚዙን ትጥላለህ።"

ይሄን ነው ሽማግሌ ተሰብስቦ ያላሰበው። መኪናዋን ራሷን ደጁ ድረስ ነድተን አምጥተን፣ ኮልፌ ና ሥራልን እንለዋለን። ብልሽት ዓይኑ ሥር ቆሞ ሳይነካው የሚሄድ ኤሌትሪሻን የት አለ?

መሞከሪያውን አመጣ። ሁለት ሽቦ የታሰረበት ትንሽ አምፖል ነው። አንዱን ጫፍ ቦዲው ላይ አስይዞ በሌላው ፊውዙን ነካ፤ በራ። ማብሪያውን ነካ፤ በራ። ማራገቢያው ዘንድ ሲደርስ ጨለመ። ከባትሪው በቀጥታ ሽቦ ስቦ ለማራገቢያው ሲሰጠው ሽር ብሎ ዞረ።

"ማራገቢያህ ምንም አልሆነም። ብልሽቱ መሀል ላይ ነው" አለና በጀርባው ተንጋሎ ዳሽቦርዱ ሥር ገባ። በጣቱ ሽቦውን እየተከተለ ሄደ። ከዚያ እጁ ቆመ።

ሁለቱን ጫፎች ወደ ብርሃን አወጣቸው። ቃጠሎ የለ፣ ዝገት የለ፤ መዳቡ ያብረቀርቃል። መጀመሪያ እኔን አየኝ። ቀጥሎ ጋሽ ወልዴን አየ፤ ጋቢያቸውን፣ ከዘራቸውን። የዕድር ዳኛ ለማራገቢያ ብሎ አምቦ ድረስ አይመጣም።

ጫፎቹን ልጦ፣ ጠምዝዞ፣ በናስትሮ ጠቀለላቸው። ማብሪያውን ሲነካው ሙቁ አየር ፊታችን ላይ ነፈሰ። ተነስቶ እጁን ታጠበ፤ ደጋግሞ ነው የታጠበው። "ኮቴን ላምጣ" አለ። ማራገቢያው እየሠራ ኮልፌ ለምን እንደሚሄድ አልጠየቀም።

መልስ

ተካ መሀላችን ተቀምጧል። እግራችን ይሞቃል፣ መስታወቱ ጥርት ብሏል። ጋሽ ወልዴ እንቅልፍ ወሰዳቸው፣ ወይም የወሰዳቸው መሰሉ። ጊንጪ ስንደርስ ሸራውን በዚህኛው በኩል አላነበብኩትም። ተካ ግን ቀና ብሎ አየው።

"አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ" አለ። "አስካለ ናት ወይስ ግርማ?"

"ሽቦ ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል" አልኩት።

"ሽቦውንማ ሠራሁት።"

እኔ እውነቱን አልነገርኩትም፤ ወግ ነዋ፣ መንገድ ላይ አይነገርም። ዛሬ በዚያ መንገድ ባለፍኩ ቁጥር የሚቆጨኝ ይሄ ነው። ከጊንጪ እስከ ኮልፌ ሰውየው ሁለቱንም ሲቀብር ነው የመጣው፤ አንዴ ሚስቱን፣ አንዴ ልጁን። አንድ ቃል ብተነፍስ አንዷን አተርፍለት ነበር። ወጉን ያወጡት ሰዎች እንዲህ ያለ መንገድ ተጉዘው ያውቁ እንደሆን እንጃ።

ሲመሽ፣ ኮልፌ

ደጃቸው ስቆም አስካለ የሞተሩን ድምፅ ሰምታ እጇን በቀሚሷ እያበሰች ወጣች። ተካ ከመኪናዋ ወርዶ በሩን እንደያዘ ቀረ። ፊቱን አይቼዋለሁ። ደስታው ቀድሞ መጣ፤ ሌላው ተከትሎ።

"ምነው፣ ሳትልክብኝ መጣህ?" አለችው እየሳቀች።

"የእነዚህን ማሞቂያ ልሠራ ነው" አላትና ግንባሯን ሳማት። ተያይዘው ገቡ። እኛ ጨለማው ውስጥ ቆመን ቀረን።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ከሽማግሌዎቹ ጋር ጋቢያችንን ለብሰን ሄድን። ተካ ኮቱን እንደለበሰ ደጃፉ ላይ ተቀምጧል። ሊያናግረው ጉሮሮውን የጠረገ ሽማግሌ ነበር፤ ተካ እጁን አንስቶ አስቆመው።

"ተኝታለች" አለን በዝግታ። "ትንሽ ትተኛ።"

ካፊያው ውስጥ ቆመን እስክትነቃ ጠበቅናት።