ባሌ የጌም ገበያ ሲጠብቅ

ባሌ የድሮ ጌም ይሰበስባል። ሌላው ወንድ በዚህ ዕድሜው መሬት ይገዛል፣ መኪና ይለውጣል፤ የእኔው ካሴት የሚጎርስ፣ ከቴሌቪዥን ጋር በሽቦ የሚያያዝ አሮጌ ማሽን ፍለጋ ከአዳማ እስከ ሻሸመኔ ያለውን ከተማ ሁሉ ያስሳል። ልጅ ሳለ አባቱ «የሰይጣን መጫወቻ ነው» ብለው ስለከለከሉት፣ ጌም ቤት በር ላይ ቆሞ የሰው ጨዋታ እያየ ነው ያደገው። ስለዚህ በፍቅሩ አልፈርድበትም። የምፈርድበት በገበያ ፍልስፍናው ነው።

እኔ አዳማ ገበያ ውስጥ ጨርቅ እሸጣለሁ። የምትፈልገውን ዕቃ ካገኘህ ተከራክረህ ትገዛለህ፣ አለቀ። ባሌ ግን «ጊዜውን መጠበቅ ነው» ይላል። በእሱ ስሌት አሮጌ ዕቃ የሚረክሰው ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው፤ የትምህርት ቤት ወጪ ሲመጣ ሰው ቤቱን አራግፎ ይሸጣል። በበዓል ሰሞን ግን አይነካም። ሳስቸኩለው «የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ» ይለኛል፣ ተረቱን ራሱ የፈጠረው ይመስል።

በዚህ ስሌት ደራ ከተማ አንድ እህል ነጋዴ ቤት ያየውን ማሽን ክረምቱን ሙሉ ጠበቀው። ጳጉሜ ላይ አብረን ስንሄድ የነጋዴው ሚስት ከአሮጌ ጫማ ጋር ለልዋጭ ሰጥታዋለች። በልዋጩ ያገኘችውን ሳፋም አወጣችና አሳየችን። ጥሩ ሳፋ ነው፣ ሰማያዊ፣ ወፍራም። ባሌ ሳፋውን ተቀብሎ አገላበጠው። እኔ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አልኩና አዳማ እስክንገባ አኮረፈኝ።

ከዚያ ሐይቁ ዳር ያለችው የባቱ ከተማ ማሽን ተራ መጣ። እማማ የምንላቸው አንዲት ባልቴት ናቸው። ሟች ባላቸው መናኸሪያው አጠገብ ጌም ቤት ነበራቸው፤ የመጀመሪያው ማሽን ከነካርቶኑ፣ ከነሁለት ጆይስቲኩ እሳቸው ጋ ቀርቷል። ባሌ ሲያየው ዓይኑ እንባ አቀረረ። ልጅ ሆኖ በር ላይ ቆሞ ያየው የጌም ዓይነት ይኸው ነው። ዋጋውን ጠየቀ፣ እማማ ነገሩት፣ ውድ አልነበረም። ይግዛ? የለም። «መፈለጌን ካወቁ ያስወድዱታል፤ ይረክሳል ጠብቂ» አለኝ በጆሮዬ።

እንዳይታወቅበት ሰበቡ ዓሣ ሆነ። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ባቱ እንወርዳለን፣ ቆሮሶ እንገዛለን፣ «በዚያው ሰላም እንበላቸው» ይላል። ባዶ እጅ ወደ ትልቅ ሰው ቤት አይገባምና ስኳሩም ሙዙም ይያዛል። እማማ ከበሩ «አካም ጅርቱ!» ብለው ይስሙናል። ትንሽ ከተጨዋወትን በኋላ ባሌ ድንገት ትዝ እንዳለው ሰው «ያ ነገር አሁንም ይሠራል እማማ?» ይላል። ይሰካል። ለመሞከር ሁለት ሰው ያስፈልጋልና አንዱን ጆይስቲክ እሳቸው ይይዛሉ።

ባሌ የማያውቀው ነገር ነበር። በጌም ቤቱ ዘመን ተጋጣሚ ያጣ ልጅ ሲመጣ የሚጋጠሙት እማማ ነበሩ። የድብድብ ጌም ነው፤ ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው መለስ አድርገው ባሌን በካልቾ ብለው ዘረሩት። በሚቀጥለውም እሁድ ዘረሩት። እኔ በሕይወቴ እንደዚያ ስቄ አላውቅም።

ዋጋው ግን አልረከሰም። በሄድን ቁጥር ይጨምራል። «ዶላር ጨመረ አሉ በሬዲዮ» ይላሉ እማማ ሻይ እየቀዱ። ባሌ ደግሞ «ከፋሲካ በኋላ ይወርዳል» ይለኛል መንገድ ላይ። ፋሲካው አለፈ፣ ክረምቱም ወጣ። ቤታችን ዓሣ ብቻ ሆነ።

አንድ ቀን እማማ ስልክ ደወሉ። ከአዲስ አበባ አንድ ሰውዬ መጥቶ ማሽኑን ፎቶ አንስቷል፣ እሁድ ገንዘብ ይዞ ይመለሳል አሉ። ያ ሰውዬ ስለመኖሩ እስከ ዛሬ እጠራጠራለሁ። ባሌ ግን ፊቱ አመድ መሰለ። ደራ ላይ ያመለጠው ትዝ ብሎት እንደሆነ ሳይነግረኝ አውቄያለሁ፤ እሁድ እስኪደርስም አልጠበቀም። በማግስቱ ሥራውን ትቶ፣ እኔንም ሱቅ አስዘግቶ ባቱ ይዞኝ ወረደ። ዓሣ የሚለውን ሰበብ እንኳ ረሳው። «እማማ፣ ያሉትን እከፍላለሁ» አለ ገና በሩ ላይ።

እማማ አልተከራከሩም። «መጀመሪያ የነገርኩህን ስጠኝ፣ ይበቃኛል» አሉ። ሻጭ ሳይጠየቅ ሲቀንስ እኔ ነጋዴዋ እጠረጥራለሁ። ማሽኑን በጨርቅ ወለወሉ፣ ሽቦውን ጠቀለሉ፣ ካሴቶቹን ደረደሩ፣ ሁሉን ካርቶኑ ውስጥ ከተቱ። ካርቶኑን ሊዘጉ ሲሉ አንዱን ጆይስቲክ መልሰው አወጡና ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት።

«ይቺ እኔ ጋ ትቆይ» አሉ።

ባሌ ደነገጠ። «እማማ፣ ጎዶሎ ከሆነማ ዋጋ የለውም እኮ!»

«ለብቻህ ስትጫወት አንዱ ይበቃሃል ልጄ። ተጋጣሚ ስትፈልግ ማሽኑን ይዘህልኝ ና።»

«እሺ፣ እሷንስ መቼ ይሸጡልኛል?»

እማማ ጆይስቲኩን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ ሳቅ አሉ። «እኔ ስሞት ውሰዳት። ያኔ ይሟላልሃል።»

እኔ ሻይ የምቀዳ መስዬ ተነሣሁ። ባሌ ካርቶኑን ዘግቶ አቀፈው። አሁን እሁድ እሁድ ማሽኑን ጭኑ ላይ አድርጎ በሚኒባስ ባቱ ይወርዳል፣ ተዘርሮ ይመለሳል። ማታ ስንጸልይ የእማማን ዕድሜ እንዲያረዝም ፈጣሪን ሲለምን እሰማዋለሁ፤ ስብስቡ እንዳይሟላ የሚጸልይ ሰብሳቢ ከእሱ ሌላ ያለ አይመስለኝም።