በካሜራው ሆድ ውስጥ የተገኘ አሸዋ

ቢልቂስ ወንድሟ ሙከሚል በጥቁር ፌስታል ጠቅልሎ የላከላትን ካሜራ ገልጣ ስታየው አፏ ላይ የመጣው ስድብ ነበር። ተሳደበችም። የካሴቱ በር እኩሌታ ላይ ተከፍቶ ቀርቷል፤ በክፍተቱ በኩል የካሴቱ ክር እንደ አንጀት ተዘርግፎ ይታያል። ስልኳን አነሳችና ደወለችለት።

«ምን አድርገኸው ነው እንዲህ የሆነው?»

«እኔ ምን አደርገዋለሁ ቢሉዬ? ቁም ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ በራሱ ጊዜ ነው የተበላሸው። ዕቃው አርጅቷል እኮ፣ እንደኛ።» ሳቀ።

«ውስጡ የቀረው ካሴት ምን እንደሆነ ታውቃለህ?»

«ያው የሠርግ ምናምን ነዋ።»

ሳትሰናበተው ዘጋችበት።

ቢልቂስ የሠርግ ቪዲዮ ቀራጭ ነበረች። ዛሬ ሰው ሁሉ ካሜራ በኪሱ ይዞ ስለሚዞር ይሄ ትልቅ ነገር አይመስልም። ያኔ ግን የሙስሊም ሠርግ ላይ ሴቶቹ ያሉበት ክፍል ወንድ ካሜራ ይዞ አይገባም፤ ሙሽራዋ ሂና ስትቀባ፣ አክስቶቿ ሻርፓቸውን ጥለው ሲጨፍሩ የሚያይ ዓይን የሴት ብቻ ነው። ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ፎቶ ቤት የነበረው ፍሰሐ በዚህ ምክንያት ብዙ ሥራ ያመልጠው ነበር። ቢልቂስ በዚያው ፎቶ ቤት የታጠበ ፎቶ በፖስታ እያደረገች ለደንበኛ የምታስረክብ ወጣት ሠራተኛ ነበረች። አንድ ቀን ፍሰሐ አንድ የሠርግ ቤት በር ላይ ካሜራውን ትከሻዋ ላይ ጫነና «ግቢ፤ ሌላው ቢያመልጥሽ ሙሽራዋ እንዳታመልጥሽ» አላት። ገባች። ከዚያ በኋላ ከልደታ እስከ መርካቶ ያለ ሙሽራ ሁሉ «ቢልቂስ ካልመጣች» ይል ጀመር።

ያኔም ሙከሚል ነበር የተቆጣው። «ሴት ልጅ ካሜራ ተሸክማ በየሰው ቤት ትዙር?» ብሎ ቤቱን ሲያምስ እናታቸው ነፊሳ ከጓዳ ብቅ አለችና «አንተን ማን ጠየቀህ? ወንድ የማይገባበት ነው የምትገባው፤ አንተ ምን አገባህ?» ብላ አፉን አስያዘችው። ቢልቂስ ያንን ቀን አትረሳውም። ሙከሚልም የሚረሳው አይመስላትም።

ዘመኑ ተለወጠና ሥራው እየመነመነ ሄደ። ፍሰሐ ፎቶ ቤቱን ሲዘጋ ከትንንሾቹ ካሜራዎች አንዷን ለቢልቂስ ሰጣት። የልደታው የቆርቆሮ ሰፈራቸው ለኮንዶሚኒየም እንደሚፈርስ በተነገረ ሰሞን እናቷን አስከትላ በየደጁ የዞረችው ይህችኑ ካሜራ ይዛ ነው። ነፊሳ በየቤቱ በር እየቆመች ማን እዚያ እንደተወለደ፣ ማን እንደተዳረ፣ ማን ከማን ጋር ተኮራርፎ በሽማግሌ እንደታረቀ ስትናገር ቢልቂስ ቀዳች። ሰፈሩ ፈረሰ። ነፊሳም ኮንዶሚኒየሙ ተሠርቶ ሳያልቅ ሞተች። ካሴቱን ወደ ኮምፒዩተር አስገልብጪው ያሏት ብዙ ነበሩ፤ ቢልቂስ ግን ለማንም አልሰጥም ብላ ከነካሜራው ቁም ሳጥን ላይ አስቀመጠችው። በካሴቱ ላይ በትልልቅ ፊደል «እማዬ» ብላ ጽፋለች።

ሙከሚል ከዚያ ቁም ሳጥን ላይ ነው አውርዶ የወሰደው። ልጆቹ የድሮ ካሜራ መልክ ያለው ቪዲዮ ፋሽን ሆኗል ብለው ወጥረው ይዘውት ኖሯል። ቢልቂስ ለቅሶ ሄዳ ሳለ መጣ፤ ልጇ ፈሪዳ አጎቷን እምቢ ማለት አልሆነላትም። ቢልቂስ ማታ ስትሰማ ደሟ ቢፈላም «ነገ እመልሳለሁ» አለ ስለተባለች ዋጥ አደረገችው። ያ «ነገ» ነው እንግዲህ ስንት ሳምንት ቆይቶ በጥቁር ፌስታል ተጠቅልሎ የመጣው።

መጀመሪያ ተክለ ሃይማኖት ወዳለ አንድ ኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ ወሰደችው። ሰውየው ገለባብጦ አየና «ማዘር፣ የዚህ ዕቃ መለዋወጫ አይገኝም፤ ይጣሉት» አላት።

«ካሴቱንስ?»

«እሱን በፒንሳ ስቤ ላውጣልዎ። ትንሽ ሊቆረጥ ይችላል።»

ፒንሳውን ሲያነሳ ካሜራውን ከእጁ ነጠቀችው። ሰውየው በቅንነት ነው የተናገረው፣ እሷም ታውቃለች፤ ግን በዚያች ሰዓት «ይቆረጣል» የሚለው ቃል ጆሮዋ ውስጥ እንደ ምላጭ ገባ። «ራሴ እፈታዋለሁ» አለች፣ ለሰውየው ሳይሆን ለራሷ።

ቅዳሜ ጠዋት የምግብ ጠረጴዛው ላይ ነጭ አንሶላ አነጠፈች፣ ብሎን ቢወድቅ እንዲታያት። ባዶ የእንቁላል ካርቶን አጠገቧ አደረገች፤ ፍሰሐ ካሜራ ሲፈታ ብሎኖቹን በተፈቱበት ተራ እየለየ ሲያስቀምጥ ዓመታት አይታዋለች፤ ረጅሙ በአጭሩ ቦታ ከገባ ውስጡን ይበሳል ይል ነበር። ባትሪውን አወጣች፣ መነጽሯን አደረገች፣ ትንሿን ካቻቢቴ አነሳች።

«ቀጣፊ!» አለች የመጀመሪያውን ብሎን ስትፈታ። ሁለተኛው ተጣብቆ አስቸገራት። «ግትር! ድሮም ግትር ነህ!»

ልብስ ታጣጥፍ የነበረችው ፈሪዳ ቀና አለች። «እማ፣ የምትፈቺው ካሜራውን ነው ወይስ አጎቴን?»

«ሁለቱንም!»

ሽፋኑ ሲላላ ከሥሩ ያለችው ቀጭን ሽቦ እንዳትበጠስ ትንፋሿን ይዛ ቀስ ብላ ከፈተችው። በዚያን ጊዜ ነጩ አንሶላ ላይ አንድ ነገር ተንሿሾ ፈሰሰ። በጣቷ ነካ አድርጋ አሸችው። ቡናማ አሸዋ ነው። ካሜራውን ዘንበል ስታደርገው ጨመረ።

«ቁም ሳጥን ውስጥ አሸዋ ይበቅላል እንዴ?» ድምጿ ዝግ ብሎ ነበር የወጣው።

 ፈሪዳ እያመነታች ስልኳን ከፈተችና የሙከሚልን ልጅ የሺፋን ፎቶዎች አሳየቻት። ሙከሚል ከነቤተሰቡ ላንጋኖ ዳር ቁምጣ ለብሶ ቆሟል። ከፊቱ የተጠበሰ ዓሣ አለ። የቢልቂስ ካሜራ አሸዋው ላይ ጋደም ብሏል።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ይሄኛውስ ማደርም አላስፈለገው፣ አንሶላ ላይ ፈሰሰ። ቢልቂስ እርር ድብን አለች። መዋሸቱ ነው ይበልጥ ያናደዳት። «ላንጋኖ ሄጄ ጣልኩት» ቢላት ትጮህበትና ይወጣላት ነበር። «በራሱ ጊዜ» ብሎ፣ ደግሞ ስቆ!

ንዴቷን ይዛ ወደ ካሜራው ተመለሰች። ካሴቱን የምታስገባውና የምታስወጣው ጥርሳም ትንሽ መዘውር አሸዋ ጎርሳ ደርቃ ቆማለች። በስቴኪኒ ጥርስ በጥርስ ቆፈረቻት፣ በለስላሳ ብሩሽ ጠረገቻት፣ አልኮል ባስነካችው ጨርቅ አበሰቻት። ሞተሯን በጣቷ ጫፍ ጥቂት ጥቂት ስታዞራት በሩ እያቃሰተ ተነሳ። በሚሽከረከረው ብረት ላይ የተጠመጠመውን ክር በወረንጦ እያላቀቀች፣ «ቢስሚላህ፣ ቢስሚላህ» እያለች አወጣችው። ተጨማዷል እንጂ አልተቆረጠም። ካሴቱ እጇ ገባ።

ገልበጥ ስታደርገው ግን ጀርባው ላይ ዓይኗ ቀረ። እንዲህ ያለ ካሴት ጀርባው ላይ ትንሽዬ መዝጊያ አለችው፤ እሷን ወደ ጎን ከገፏት ካሜራው በዚያ ካሴት ላይ ሌላ ነገር አልቀዳም ይላል። ቢልቂስ እናቷን በቀዳችበት ዕለት በጥፍሯ ገፍታ ዘግታታለች። አሁን ተከፍታለች። መዝጊያዋ እንዲሁ በመነካካት አትከፈትም፤ ጥፍር ይፈልጋል፣ ማሰብም ይፈልጋል።

«እንዳታደርገው» አለች። የምትከለክለው ግን አስቀድሞ የተደረገ ነገር ነበር።

ካሜራውን ገጠመች፤ ብሎኖቹ ሁሉ ወደየቦታቸው ገቡ። ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኝታ ካሴቱን አስገባች። በሩ ተዘጋ፤ ሞተሩ ያንን ስስ ድምፁን አሰማ። ሌላ ጊዜ ቢሆን እልል ትል ነበር። ምስሉ መጣ፤ ቀላ ያለ ውሃ፣ ጩኸት፣ የሙከሚል ሆድ። «ሺፋ፣ እኔን ቅጂኝ! እኔን!» ይላል ሙከሚል ውሃ እየረጨ። ጀልባ። ዓሣ። የሚስቱ የሉባባ ባርኔጣ። ወደ ፊት አሳለፈችው፤ ላንጋኖ። ደግማ አሳለፈችው፤ አሁንም ላንጋኖ። ወደ ማለቂያው ገደማ ምስሉ ተሰባበረና ድንገት ነፊሳ ብቅ አለች፣ ነጠላዋን አጣፍታ የቆርቆሮ በር ተደግፋ። ላቧን ጠረገች፣ ወደ ካሜራው አየችና «አጥፊው እንግዲህ፣ ደክሞኛል» አለች።

አለቀ። ከዚያ ሁሉ ደጅ፣ ከዚያ ሁሉ ስም የተረፈው ይኸው ነው።

ፈሪዳ አለቀሰች። ቢልቂስ አላለቀሰችም። አንሶላው ላይ የቀረውን አሸዋ በመዳፏ ሰብስባ፣ ካሜራው በመጣበት በዚያው ጥቁር ፌስታል ቋጥራ ወጣች። ታክሲ አልጠበቀችም፤ ሰንጋ ተራ ድረስ በእግሯ ገሰገሰች። ሙከሚል እዚያ ሴራሚክና የመታጠቢያ ቤት ዕቃ መሸጫ አለው። ባልና ሚስት ደንበኞች ፊት ስለ ንጣፍ እየደሰኮረ አገኘችው። ፌስታሉን ጠረጴዛው ላይ ዘቀዘቀችው።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለ።

«ቁም ሳጥንህ ነው!»

ሙከሚል አሸዋውን አየ፣ እሷን አየ፣ ደንበኞቹን አየ። «ቢሉዬ፣ ሰው ፊት...»

«ሰው ፊት ነው የምጠይቅህ! እናቴን ለምን ላንጋኖ ወስደህ አሰመጥካት?»

ባልና ሚስቱ እርስ በርስ ተያዩና ቀስ ብለው ወጡ። ሙከሚል ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የአንቺ ብቻ እናት ናት እንዴ? እኔንም እኮ ወልዳኛለች።»

«እሱማ ነው ያንገበገበኝ! ባዕድ ቢሆን እረግመው ነበር። መዝጊያዋን ማን ከፈታት?»

ሙከሚል ጠረጴዛው ላይ ያለውን አሸዋ በመዳፉ መጥረግ ጀመረ።

«ማን ከፈታት ሙከሚል?»

«ካሜራዋ አልቀዳም ስትል ልጆቹ ተንጫጩ... እኔ ነኝ የገፋኋት። ባዶ መስሎኝ ነው፣ ወላሂ።»

«ላዩ ላይ እማዬ ተብሎ ተጽፏል! ማንበብ ያቅትሃል?»

«መነጽር አላደረግኩም ነበር።»

እዚያች ላይ ቢልቂስ ዙሪያዋን አየች። የሚብለጨለጨው የእጅ መታጠቢያ ሁሉ ተራ በተራ ሲሰባበር ታያት። እጆቿን ጨብጣ ያዘች። ሙከሚልም ገባው መሰል ወደ ኋላ አለ። «አዲስ ካሜራ እገዛልሻለሁ» አለ። «የፈለግሽውን ዓይነት፣ ዛሬውኑ።»

«ሰፈሩን ከነሰዉ የሚያሳይ ካሜራ የት ይሸጣል? ንገረኝ፣ ሄጄ እኔው ልግዛው!»

ወጣች። የጂቡቲ መስመር ሾፌር የሆነው ባሏ በከር ማታ ሲደውል ነገሩን ሁሉ ነገረችው። «ወንድምሽ አይደል፣ ተይው ሲያልፍ» አላት። በእሱም ላይ ዘጋችበት።

ዐረፋ መጣ። ቢልቂስ ወንድሟ ቤት ሳትሄድ ዒድ ያሳለፈችው ያኔ የመጀመሪያዋ ነው። ሉባባ ደወለች፣ ሺፋም እያለቀሰች ይቅርታ ጠየቀች፤ ቢልቂስ ለልጅቷ «አንቺ ምን አጠፋሽ» አለች እንጂ ከቤቷ አልወጣችም። በዓሉ ባለፈ በሳምንቱ ሙከሚል ብቻውን መጣ። አራት ፎቅ በደረጃ ወጥቶ እያለከለከ፣ ብርቱካን የሞላ ፌስታል ይዞ በሩ ላይ ቆመ።

«ምን ላድርግ ቢልቂስ? ምን ባደርግ ይሻልሻል?»

ቢልቂስ መጥቶ ለሚለው ሁሉ መልስ አዘጋጅታ ነበር፤ ይሄን ግን አልጠበቀችም። ብርቱካኑን አልተቀበለችውም። ወንበር አነሳችና መስኮቱ አጠገብ፣ ብርሃን የሚመጣበት ቦታ ላይ አስቀመጠችው።

«ተቀመጥ። ያጠፋኸውን አንተው ትናገራለህ፤ ቤት በቤት።»

ካሜራውን ባለ ሦስት እግሩ ማቆሚያ ላይ ስትገጥመው ሙከሚል አየና «ካሴት አገኘሽ?» አላት።

«ያው ራሱ ነው። በላንጋኖህ ላይ ነው የምቀዳህ። እማዬ ጋ ሳልደርስ አቆማለሁ።»

«ሉባባ ያንን ቪዲዮ ትወደዋለች...» ብሎ ጀመረና ፊቷን ሲያይ የቀረውን ዋጠው።

«ትወደው ነበር» አለች ቢልቂስ። ቀዩ መብራት በራ። «ጀምር።»

ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዲህ ከሰፈራችን ቧንቧ ስንነሳ የእትዬ የሻረግ ቤት ነው። ቀጥሎ የአብዱልሰላም ሱቅ...»

«አይደለም! ቀጥሎ የጋሽ ሮቤራ ጫማ መስፊያ ነው!»

«የሮቤራ ከመታጠፊያው ወዲያ ነው! እኔ አይደለሁ እንዴ ጫማ አደርስ የነበርኩት?»

«ለጫማ ከተላክህ ኳስ ሜዳ ነበር የምትቀረው፤ አንተ የሮቤራን ቤት ከየት ታውቀዋለህ?»

እንዲህ እየተጯጯሁ ሰፈሩን ከአንድ ወገን ተያያዙት። ጎረቤት ሆኖ የሰማ ሰው በውርስ ተጣሉ ሊል ይችላል። አንዳንዱን ስም እሱ አስታወሰ፣ አንዳንዱን እሷ፤ አንዳንዱ ቤት ማንም ሳይገባበት ባዶውን ቀረ፣ በዚህኛውም ሁለቱም ተናደዱ። መሀል ላይ ሙከሚል ፈገግ አለ። «አባዬ ዱላ ይዞ ሲፈልገኝ እማዬ እትዬ የሻረግ አልጋ ሥር ነበር የምትደብቀኝ። ዳቦ እዚያ ድረስ ታቀብለኝ ነበር።»

«እማዬ? መች?»

«ብዙ ጊዜ።»

«እኔ እንዴት አላወቅኩም?»

«አፍሽን ፈርታ ነዋ። ትናገሪያለሽ ብላ።»

ቢልቂስ አዲስ ንዴት ከሥር ሲነሳባት ታወቃት፤ በዚህኛው በማን እንደምትናደድ ግን አልለየላትም። ከካሜራው ኋላ ቆማ መነጽሯን አወለቀች፣ በሻርፓዋ ጫፍ ጠረገችው፣ መልሳ አደረገችው።

ሙከሚል አንገቱን አሻሸ። «ጉሮሮዬ ደረቀ። እስቲ ውሃ ስጪኝ።»

«ከቧንቧው ማዶ ያለው ወገን ገና አልተነካም» አለች፣ ዓይኗን ከካሜራው ሳታነሳ። «ቀጥል።»