ከሾፌሩ ጀርባ

ጠዋት ጠዋት ከሾፌሩ ጀርባ ያለችውን ወንበር ማንም አይደፍራትም፤ የአባባ ናት። የተተኮሰ ሰማያዊ የደንብ ልብሳቸውን ፀሐይ አደብዝዞታል። የአውቶቡሱ ዓርማ የተነቀለበት ደረታቸው ላይ ግን ጨርቁ ዛሬ የተሰፋ ይመስላል። ማዘጋጃ ቤቱ ኑሮ ከፍቶ እጅ ሲያጥረው «ወጪ ልቀንስ» ብሎ ግማሹን መስመር ዘጋ፤ የሾፌርነት ዕድሜያቸውን የጨረሱበት መስመር ሲዘጋ አባባንም አብሮ አሰናበታቸው።

ትኬት ቆራጯ ግን ዓይኗ የሚያርፈው ቀኝ እግራቸው ላይ ነው። ፌርማታ በተቃረበ ቁጥር ወለሉን ረገጥ ያደርጋሉ። ተሳፋሪው «አባባ፣ ፍሬን ያዙልን እንጂ!» እያለ ይስቃል፤ እሳቸውም አብረው ይስቃሉ።

ዛሬ ስልካቸው ጮኸ።

«እየነዳሁ ነው፣ የኔ እመቤት» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ደሞዝ እንደወጣ መድኃኒትሽን ይዤ እመጣለሁ። አንቺ ብቻ ከአልጋሽ እንዳትነሺ።»

ሲስቁ የነበሩት ፊታቸውን ወደ መስኮት አዞሩ። ትኬት ቆራጯ ወደ ስልኩ ጠጋ ብላ፣ ጉሮሮዋ እስኪሰነጠቅ «ወራጅ አለ፣ ሾፌር!» ብላ ጮኸች።

ሾፌሩ ፍሬን ሳይዝ የአባባ እግር ቀድሞ ወለሉን ረገጠ። በሩ ተከፈተ። የወረደ ሰው ግን አልነበረም።