ሁርሶ አጠገብ ያየናቸው ሰጎኖች

የአባቴን ካሜራ የቆዳ ማኅደር በከፈትኩት ቁጥር ብርቱካን ብርቱካን ይሸተኛል። ልጆቼ ይስቁብኛል። ምን ያድርጉ፣ እነሱ ከኤረር በባቡር ብርቱካን በዘንቢል ጭነው አልተመለሱ!

አባቴ ምድር ባቡር ይሠራ ስለነበር ለእኛ ጉዞው ነፃ ነበር። በደርግ ጊዜ ችግሩ ፊልም ነበር። ያችን አንዷን ፊልም ጎረቤታችን ፋጡማ ከጅቡቲ ሩዝ ውስጥ ደብቃ አምጥታለት፣ አባቴ ለዓመት በዓል ብሎ ሲሳሳላት ከርሟል። ታዲያ አንድ ቀን ከኤረር ስንመለስ፣ ሁርሶ ልንደርስ ስንል፣ ሰጎኖች ከነጫጩቶቻቸው ከባቡሩ ጎን መሮጥ ጀመሩ። “አባዬ ስጠኝ!” ብዬ ጮህኩ። ካሜራውን ለማንም የማያስነካው አባቴ ሰጠኝ፤ ወገቤን ጥብቅ አድርጎ ያዘኝና በመስኮቱ ብቅ ብዬ ፊልሙ እስኪያልቅ አነሳኋቸው። እንደዚያን ቀን ተደስቼ አላውቅም።

ድሬ ጣቢያ ስንወርድ ፈታሹ ካሜራውን አየው።

“ምን አንስታችሁ ነው?”

“ሰጎን” አልኩት በኩራት።

“ሰጎን ፎቶ ተነስታ ለማን ልትልክ ነው? ሁርሶ ያለውን የጦር ሰፈር ነው እንጂ!”

“አቦ ተው፣ ልጅቷ ናት ያነሳችው” አለው አባቴ። “ይታጠብና ራስህ እየው።”

ማን ሰምቶት! የካሜራውን ጀርባ ከፍቶ ፊልሙን ጎልጉሎ አወጣና ፀሐይ ላይ ዘረጋው፤ ሰጎኖቼ ሁሉ በብርሃኑ ጠፉ። ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ “ሂዱ” አለን። የደቻቱን ድልድይ እያለቀስኩ ተሻገርኩ።

የዱር እንስሳት ፎቶ አንሺ ያደረገኝ ያ ንዴት ነው። ዛሬ ካሜራዬን የሚፈትሽ የለም፤ ሰጎኖቹ ይሮጡበት በነበረው ሜዳ ላይ የማነሳው ግን የከሰል ጆንያና ፌስታል ሆኗል። ቦታው ይከለል፣ ሰጎኖቹ ይመለሱ እያልኩ ያልጠናሁት ደጅ የለም። ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት ኃላፊ፣ የድሬ ልጅ፣ ወንበር ስቦልኝ እስከ መጨረሻው አዳመጠኝ። በቃ ተሳካልኝ ስል፦

“እናቴ፣ ሰጎን እዚያ እንደነበረ የሚያሳይ ፎቶ አለሽ?” አለኝ።

“ነበረኝ” አልኩት።

ተነስቼ ወጣሁ። ደቻቱ ድልድይ ላይ ስደርስ እንደ ልጅነቴ እንባዬ መጣ። ያኔስ ቢያንስ የአባቴን እጅ ይዤ ነበር።