ሀበሻ የሌለበት ከተማ

ዌናቺን የመረጥኳት ከፖም ካርቶን ላይ ነው። በፈረንጅ ሰማንያዎቹ አጋማሽ ሲያትል አጠገብ ቱክዊላ ውስጥ የፍራፍሬ መጋዘን እሠራ ነበር፤ ቀኑን ሙሉ የማነሳቸው ካርቶኖች ላይ የከተማዋ ስም ታትሟል። ከሲያትል በመኪና ሦስት ሰዓት ያህል ናት፣ ከተራራው ወዲያ። እዚያ ሄጄ ነበር የሚል ሀበሻ አጋጥሞኝ አያውቅም፤ እኔም የፈለግኩት ይህንኑ ነበር። ለእረፍት የሚሄድ ሰው ከተማ እንዲህ ይመርጣል? እኔ መረጥኩ። አባታችን ሞቷል፤ ታናሽ እህቴ አታውቅም፤ ነፍሰ ጡር ናት።

እኔ የተረዳሁት አንድ ቅዳሜ ማለዳ ነው። ሲያትል፣ ሌክ ሲቲ ያለችው አፓርታማዬ በር ገና በደንብ ሳይነጋ ተንኳኳ። ሀበሻ በዚያ ሰዓት ደጅ ከቆመ ለደግ አይደለም። ሦስት ነበሩ፤ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ፣ ባለቤታቸውና የእህቴ ባል። ከናዝሬት የተደወለው ለእኛ ሳይሆን ለሽማግሌው ነበር፣ እንደ ወጉ። ስጮህ ሴትየዋ ደግፈው ያዙኝና «አልቅሺ የእኔ ልጅ፤ ግን እዚሁ ጨርሺው» አሉኝ።

ሽማግሌው ወደ እኔ ጎንበስ አሉ። «እህትሽ እስክትገላገል ትንፍሽ እንዳትይ። አደራ።»

እህቴ ባለፈው ዓመት የአምስት ወር ጽንስ ወርዶባታል። አሁን ሰባተኛ ወሯን ይዛለች። ለእርጉዝ መርዶ አይነገርም፤ ይህን የማያውቅ ማን አለ? «እሺ ጋሼ፣ እንዳሉት» አልኩ።

ችግሩ የሰው አፍ ነው። በሳምንቱ ከሰሜኑ ሊንውድ እስከ ደቡቡ ቱክዊላ ወሬው ያልገባበት ቤት አልቀረም። እሑድ ከአምልኮ በኋላ አንዲት ሴት እህቴን አቅፋ አልለቅ አለቻት፤ እንባዋ ዱብ ዱብ ይላል። መኪና ውስጥ እህቴ «ምን ሆና ነው?» ስትለኝ «ባሏ አስቀይሟት ይሆናል» አልኳት። ባልየው ዝንብ የማይነካ ምስኪን ነው፤ ጌታ ይቅር ይበለኝ። በሚቀጥለው እሑድ ደግሞ ማን ምን እንደሚል እንጃ። የእህቴ ባል ሥራውን መተው አይችልም፤ እኔ ግን የሁለት ሳምንት ቬኬሽን ነበረኝ። «ይዘሻት ጥፊ» አለኝ።

እህቴ ደስ አላት። «ሎስ አንጀለስ እንሂዳ! ጓደኛዬ አለች፣ ሀበሻው ሞልቷል፣ ሶ አይሰለቸንም።»

«ሐኪሙ አውሮፕላን ከልክሎሽ የለ?» አልኳት። አልከለከላትም፤ «ለእኔ ነግሮኛል» እንዲላት ከባሏ ጋር ተስማምተን ነው።

«ኦኬ፣ ፖርትላንድ በመኪና።» እዚያም ሀበሻ አለ። «ዌናቺ» አልኩ።

«እሱ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ከተማ ነው። ፖም አለ።»

«ፖም ሊያይ ቬኬሽን የሚወጣ ሰው አይቼ አላውቅም» አለችኝ። ግን መጣች፤ እኔን እምቢ ብላ አታውቅም።

የዌናቺ ሙቀት እሳት ነው። ዙሪያዋ ደረቅ ተራራ፣ ዳሯ ሰፊ ወንዝ፣ መንገድ ላይ ቼሪ የሚሸጡ ፈረንጅ ባልቴቶች። ሞቴል ያዝን። እህቴ እግሯን መዋኛው ውስጥ ነክራ ትቀመጣለች፤ እኔ ሻወር ከፍቼ አለቅሳለሁ። በቀን ሦስት ጊዜ ስታጠብ «እትዬ፣ ቆዳሽ እንዳይላጥ» እያለች ትስቅብኛለች። ማታ ማታ ስለ አባባ ታወራለች፤ የልጁን የመጀመሪያ ፎቶ ለእሱ እንደምትልክ፣ እሱ ደግሞ ለጎረቤት ሁሉ ይዞት እንደሚዞር። እኔ «እህ» እላለሁ። «ናዝሬት ኮል ላድርግ» ስትለኝ «መስመሩ ተበላሽቷል አሉ» እላታለሁ። ውሸት ለካ አንዴ ከገባህበት እንደ ሥራ የሚለመድ ነገር ነው።

በአምስተኛው ቀን ከሱፐርማርኬት ስንወጣ ከኋላችን «ሀበሻ ናችሁ?» የሚል ድምፅ ሰማን። አንድ ፀጉሩ የሸበተ ሰውዬ ጋሪውን ጥሎ እየሮጠ መጣ። አስመራ ተወልዶ መሃል አገር ያደገ ነው፤ እዚያው ከተማ ሆስፒታል ይሠራል። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ሀበሻ እዚያ አይቶ አያውቅም፤ ደስታው ያሳዝናል። እህቴም ፊቷ በራ። ቀጥሎ «በየወሩ ለአምልኮ ሲያትል እነዳለሁ፤ ባለፈው እሑድ እዚያ ነበርኩ» አለ። ከዚያ ሀበሻ ሲገናኝ የማይቀረው ጥያቄ መጣ፤ «የማን ልጆች ናችሁ?»

እህቴ የአባባን ስም ልትጠራ አፏን ስትከፍት ክንዷን ይዤ ጎተትኳት። «እንቸኩላለን» አልኩት፣ የዘረጋውን እጅ እንኳ ሳልጨብጥ። «ቤቴ ቅርብ ነው፣ ሻይ እንኳ…» እያለ ሲከተለን የመኪናዬን በር ዘጋሁበት። በመስታወት ሳየው ፓርኪንጉ መሃል እንደቆመ ነው። ያ ሰው ምን አደረገኝ? ምንም።

ሞቴል ገብተን በሩ እንደተዘጋ እህቴ ፈነዳች። «ለሰላምታ እጁን የዘረጋ ሰው! አባባ ይህን ቢሰማ ምን ይላል? እንዲህ ነው ያሳደገን?»

አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አልኩ። ፊቴን አየችና ቁጣዋ ተነነ። «እትዬ፣ ምን ሆነሻል? አሞሻል እንዴ? ለእኔ ካልነገርሽ ለማን ልትነግሪ ነው?»

ቃሉ ከንፈሬ ላይ ደርሶ ነበር። ሆዷን አየሁና ዋጥኩት። «ምንም» አልኩ።

ያንን ሆዷን ደግፋ፣ እያቃሰተች፣ ወለሉ ላይ ተንበረከከች። እጄን ይዛ ጸለየችልኝ። «ጌታ ሆይ፣ እህቴ የደበቀችኝን ሸክም አንተ ታውቀዋለህ፤ አቅልልላት።» እኔም አሜን አልኩ። እንደዚያ ቀን ራሴን ጠልቼ አላውቅም።

ከዌናቺ መልስ «ሐኪሙ እረፍት አዟል» ብለን ከቤት አላስወጣናትም፤ መስከረም ላይ በሰላም ተገላገለች፣ ወንድ። አራስነቷ ሲያበቃ ሽማግሌውና ባለቤታቸው በማለዳ ሊንውድ እህቴ ቤት ሄዱ፤ እኔ ከኋላቸው ነበርኩ። በሩ ላይ ስታየን ገባት። ልጁን ከእጇ ተቀበልኩ፤ መሬት ላይ ወድቃ ጮኸች፤ ሴትየዋ ያዟት።

ትንሽ ሰከን ስትል «መቼ ነው?» አለች።

«ሰኔ» አልኩ።

ለቅሶዋ ተቋረጠ። «ዌናቺ ስንሄድ ሞቶ ነበር?»

«አዎ።»

ሽማግሌው «ለአንቺ ብለን ነው፣ የእኔ ልጅ» አሏት። «አውቃለሁ ጋሼ፤ ልጄ ተርፎልኛል፣ እግዜር ይስጥልኝ» አለቻቸው በትሕትና። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ ልጇን ከእጄ ወሰደች። «ሁላችሁም አልቅሳችሁ ጨርሳችሁታል» አለች። «አሁን ለእኔ ማን ቀረልኝ፣ አብሮኝ የሚያለቅስ?»

እውነቷን ነበር። ያን ቀን የመጣው ሰው ሁሉ ለወጉ ተቀመጠ፣ ለወጉ ከንፈር መጠጠ፤ ሐዘኑ ግን ከወጣለት ቆይቷል። እኔም እንባ ፈልጌ አጣሁ፤ ሻወር ቤት አልቆ ነበር። እህቴ አባቷን ብቻዋን አለቀሰች።

ከዚያ ወዲህ ተኳርፈን አናውቅም። ልጁን ያሳደግነው አብረን ነው፤ በዓሉንም አብረን እንውላለን። ነገር ግን ሰመር መጥቶ «እስቲ እንረፍ፣ አንድ ከተማ ልምረጥና እንውጣ» ካልኳት እሺም እምቢም አትልም። የያዘችውን ነገር አስቀምጣ ዓይኔን ቀጥ ብላ ታየኛለች።

«መጀመሪያ ንገሪኝ» ትለኛለች። «ማን ሞቶ ነው?»